ስለ ዝናብ ጠይቁኝ፦ ከበልጋችን እስከ ኮንጎ ደን

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ስለ ዝናብ ያላችሁን ጠይቁ። የዓመቱን ድምር ብቻ ይዛችሁ ግን አትምጡ፣ ወር በወር እዩት።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኮንጎና አማዞን ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል ይባላል። በጋ የላቸውም?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። የዝናብ ደን አየር ንብረት የሚባለው በጣም ደረቁ ወር እንኳ ቢያንስ 60 ሚሊሜትር ሲያገኝ ነው፤ በካሬ ሜትር 60 ሊትር ማለት ነው። ዝናቡ ግን ከወር ወር እኩል አይደለም። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚመላለስ የምድር ወገብን በዓመት ሁለቴ ያቋርጣል። መካከለኛው ኮንጎ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚበረታበት ለዚህ ነው። አማዞን ውስጥ ማናውስ ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይቀንሳል፤ ወደ ምዕራብ ኢኪቶስ ስትደርሱ ግን ደረቅ የሚባል ወር የለም። ነፋሱ ከአትላንቲክ ያመጣውን ውሃ ዛፎቹ በቅጠላቸው እያተነኑ መልሰው ለሰማይ ይሰጡታል፣ እሱም እየዘነበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ቦርከና፦ እኛም ሁለት ዝናብ አለን። እንደ ኮንጎ ነን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለንም። የበልጋችን እርጥበት በአብዛኛው ከህንድ ውቅያኖስ ነው፣ ክረምት ደግሞ ቀበቶው ወደኛ ሲወጣ ይመጣል። መሃል ላይ ሰኔ ይደርቅብናል። በልግ ገብስ የሚዘራ የደጋ ገበሬ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ፒያሳ፦ ዝናብማ ደሴ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ!

የሐረጎ ቁልቁለት፦ አቦ ተው! ነሐሴ ላይ የቦርከናን ወንዝ መጥተህ እየው።

ፒያሳ፦ ጉም አላችሁ? የላችሁም።

መልስ፦ ተዉ እንጂ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አየሩ በሁለቱ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጉሙም ከዚያ ነው። ለሁለቱም ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ወር በወር እዩ ብያለሁ።

እሙ፦ ዘንድሮ እንዴት ነው?

መልስ፦ ምኑ? የት? የትኛው ወር? ትንበያ ከፈለግሽ ሚቲዎሮሎጂ አለ።

ሸርፍ ተራ፦ ኤል ኒኞስ?

መልስ፦ ፓሲፊክ ሲሞቅ ክረምታችን ይዳከማል። የ2007ን ክረምት አስታውሱ።

ሀያት፦ ኮንጎ ግን ሁሌ ይዘንባል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

የጦሳ ልጅ፦ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለችው ጎሬስ ጋሼ? ደን አለ፣ ዝናብም አለ።

መልስ፦ አብሽር፣ ጥሩ አመጣህ። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊሜትር ገደማ ያገኛል፤ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ከኮንጎ ጋር ይመድበዋል። ጥርን ስታይ ግን ከ60 በታች ነው።