ክኒን ያሟሟውን ውሻ መልሶ ማጠንከር

ከደላንታ አንድ በግ አርቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «በጎቼን የሚጠብቀው ውሻ ቆዳው እያሳከከው ተቸግሮ ነበር። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዞለት ለወራት ሰጠሁት። ማሳከኩ ቀነሰለት። አሁን ግን ሆዱ ተነፍቷል፣ ጭኑ ሟሟ፣ የራስ ቅሉ ወጣ። ዳገት ላይ ወገቡ ይከዳዋል። ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ ሥጋ ግን አልይዝ አለው። ክኒኑን ላቁመው?»

ጋሼ፣ በራስዎ እንዳያቆሙት። ከኩላሊት አጠገብ ያሉ ትንንሽ እጢዎች ክኒኑን የመሰለ ሆርሞን ያመርታሉ። ክኒኑ ለወራት ሲተካላቸው ሥራ ፈተው ይተኛሉ፤ በድንገት ሲቋረጥም ቶሎ አይነቁም። ያኔ ውሻው ያስመልሰዋል፣ ይዝለፈለፋል፣ ሊሞትም ይችላል። መጠኑ የሚወርደው ቀስ በቀስ ነው፤ ልኩንም ውሻውን ያየ ሐኪም ይወስን።

ጭኑ የሟሟው መድኃኒቱ የጡንቻን ፕሮቲን ስለሚያፈርስ ነው። የኋላ እግርና የግንባር ጎን ላይ ጎልቶ ይታያል። የሆድ ጡንቻም ይላላል፣ ጉበትም ያብጣል፤ ስለዚህ ሆዱን አይተው «ወፍሯል» እንዳይሉ። ውሃ አብዝቶ ቢጠጣ አይከልክሉት።

የእንጀራ ፍርፋሪ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይመልስም። የተቀቀለ እንቁላል፣ አይብ፣ ስብ የሌለው የተቀቀለ ሥጋ ይጨምሩለት። ላት አይስጡት፤ ቆሽቱን ሊያሳብጥ ይችላል። የወጥ ትርፍም አይሆንም፣ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳል።

«ሥጋ ያጠንክረው» ብለው የታረደ በግ ጭንቅላት ወይም ሳንባ ጥሬውን እንዳይጥሉለት ደግሞ አደራ። አዙሪት የያዘው በግ አንጎሉ ውስጥ ያለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ ሆድ ውስጥ የኮሶ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ግጦሽ ይወርድና ሌሎች በጎችን ያዞራል። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ከረጢትም ውሻው ሲበላው ትል ይሆናል፤ የዚህኛው ትል እንቁላል ደግሞ ለሰውም ይተርፋል፤ ከውሻው ጋር የሚጫወቱ ልጆችን ያስቧቸው። ጭንቅላቱን በጥልቀት ይቅበሩት። ሳንባና ጉበት ከሰጡት ቆራርጠው ቢያንስ ለ40 ደቂቃ ይቀቅሉት። የኮሶ ትል የሚገድለውን የፕራዚኳንቴል ክኒንም ሐኪሙን ይጠይቁ።

ምግብ ብቻውን ግን ጭን አይሞላም። ጡንቻ ካልሠራ አይመለስም። «ውሻ ደግሞ ስፖርት ይሠራል እንዴ?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይሳቅ።

መጀመሪያ በገመድ ይዘው ሜዳ ላይ ያራምዱት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ዙር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። እርምጃው ዝግ ያለ ይሁን። ሲሮጥ የደከመውን እግር አንስቶ በደህናው ይዘላል፤ ቀስ ሲል ግን አራቱንም መርገጥ ግድ ይሆንበታል። ጥፍሩን መሬት ላይ ከጎተተ ወይም ወገቡ ከተወላገደ ያሳርፉት። በማግስቱ ካነከሰ የትናንቱ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ይቀንሱለት።

ሜዳው ሲቀለው ለስላሳ ዳገት ይጨምሩ። ደላንታ ዳገት መቼም አይቸግርም፤ የበሽሎን ወንዝ ገደል ግን ለጊዜው ይተውት። ቁልቁለቱን በተለይ ቀስ አድርገው ያውርዱት። ዝላይም ይቅርበት።

ሌላው ማስቀመጥና ማስነሳት ነው። ቁራሽ እንቁላል አፍንጫው አጠገብ ይያዙና ከፍ አድርገው ወደ ኋላ ይውሰዱት። አንጋጦ ሲከተል ቂጡ መሬት ይነካል። ወደ ፊት ሲስቡት ይነሳል። በኋላ እግሩ ገፍቶ መነሳቱ ነው ዋናው ሥራ። አምስት ጊዜ ካደረገ እንቁላሉን ይብላ። እግሩን ወደ ጎን አንሻፎ ከተቀመጠ ደክሞታል።

ለውጡን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ቆሞ ሳለ ጭኑን በሲባጎ ከላይ ይዙሩትና ልኩ ላይ ይቋጥሩ። በሁለት ሳምንት አንዴ እዚያው ቦታ ላይ ይለኩት። ክኒኑ ሳይቀንስ ብዙ ለውጥ አይጠብቁ። ከቀነሰ በኋላም ነገሩ የወራት ነው።

ቆዳው ስለሚሳሳ ጠጠር ላይ አይተኛ፤ አሮጌ አጎዛ ያንጥፉለት። እስኪበረታ ድረስ ሌሊት ውጭ አይደር። ጅብ ደካማ ውሻ ይለያል። አነከሰ ብለው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሰው ማስታገሻ እንዳይሰጡት፤ ከፕሬድኒሶሎኑ ጋር ጨጓራውን ያቆስላል። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ካዩ፣ ካስመለሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያድርሱት።

የማሳከኩ ምክንያትም ገና አልታወቀም። እከክ ከሆነ ፕሬድኒሶሎኑ ማሳከኩን ይሸፍነዋል እንጂ ተባዩን አይገድልም። ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሲወስዱት ቆዳው ተፍቆ እንዲመረመር ይጠይቁ፤ የክኒኑንም ማሸጊያ ይያዙ።