ወተት ያልመጣላት እናት እና የአንዲት ጠቅላላ ሐኪም ጥያቄ

ጥያቄ፦ ወሎ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሁለተኛ ዓመቴን ልጨርስ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት የ34 ዓመት እናት መጣች። ሰባት ዓመት ሙሉ «ደም ማነስ»፣ «ጨጓራ»፣ «ጭንቀት» እየተባለች ታክማለች። ስጠይቃት የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷታል፤ ከዚያ ወዲህ ወተትም አልመጣላትም፣ የወር አበባም አላየችም። አዲስ አበባ ሪፈር ጻፍኩላት። ፒቱታሪዋ (ከአንጎል ሥር ያለው የሆርሞን እጢ) ሥራ አቁሟል ተባለ። መድኃኒት ጀምራ ስትመለስ አላወቅኳትም፤ ሌላ ሰው ሆናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፒቱታሪና ስለ አድሬናል (ከኩላሊት በላይ ስላሉት የሆርሞን እጢዎች) ብቻ ነው የማነበው። የሆርሞን ሐኪም (ኢንዶክራይኖሎጂስት) መሆን አምሮኛል፤ ለዚህ ሙያ እሆን ይሆን? ጓደኞቼ ግን «ገንዘብ የለው፣ ፕሮሲጀር (በመሣሪያ የሚሠራ ምርመራና ሕክምና) የለው፣ ይልቅ ራዲዮሎጂ ግቢ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ሙያው ሳወራ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

ታካሚሽን የያዛት የሺሃን ሕመም ነው። ፒቱታሪ የአተር ፍሬ የምታክል እጢ ናት፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ታይሮይድንም፣ አድሬናልንም፣ የዘር እጢዎችንም የምታዝዘው እሷ ናት። በእርግዝና ጊዜ ትተልቃለች፣ ብዙ ደምም ትፈልጋለች። እናቲቱ ስትወልድ ደም ከፈሰሳትና ግፊቷ ከወረደ ፒቱታሪ ቶሎ ትጎዳለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን በ1937 እ.ኤ.አ. በደንብ ጽፎታል። ዛሬ በሀብታም አገሮች እምብዛም አይታይም። እኛ ጋ እናቶች አሁንም ቤታቸው ይወልዳሉ፣ ደም ይፈስሳቸዋል፣ ደም የሚሰጥበት ቦታም ሩቅ ነው። ስለዚህ አለ። የሚጎድለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

አንቺ ጠየቅሽ። ኤምአርአይ አልነበረሽም፣ የሆርሞን ላቦራቶሪ አልነበረሽም። የወሊዷን ታሪክ ጠየቅሽ፣ ሰባት ዓመት የተዘጋ በር ተከፈተ። ለዚህ ሙያ ትሆኚያለሽ ወይ ላልሽው የመልሴ ግማሽ ይኸው ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ደስ የማይል ሊሆን ይችላል። የሆርሞን ሐኪም ቀኑን የሚያሳልፈው ከፒቱታሪ ጋር አይደለም። አብዛኛው ታካሚ ስኳር ነው፣ ቀጥሎ እንቅርትና የታይሮይድ ችግር። ኢንሱሊን አወጋግ ታስተምሪያለሽ። የቆሰለ እግር ታያለሽ። ስለ እንጀራ መጠን በቀን ብዙ ጊዜ ታወሪያለሽ። ፒቱታሪና አድሬናል በዚህ መሀል አልፎ አልፎ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ወር በሆስፒታልሽ የስኳር ክትትል ክፍል ተቀመጪ። ከወሩ በኋላም ጠዋት ለመግባት ልብሽ ከተነሳሳ ሙያው ያንቺ ነው። ከሰለቸሽ ደግሞ ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል።

ጠባይሽንም መርምሪ። ይህ ሙያ ሰዓት አክባሪ ይፈልጋል። ኮርቲዞል (አድሬናል የሚያመነጨው ሆርሞን) ጠዋት ከፍ ብሎ ማታ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም ብዙም አይነግርሽም። ኩሺንግ (ኮርቲዞል ከመጠን በላይ የሚበዛበት ሕመም) ሲጠረጠር ታካሚው ማታ በአምስት ሰዓት 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን (እንደ ኮርቲዞል የሚሠራ የስቴሮይድ ክኒን) ይውጣል፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ደሙ ይቀዳል። በጤነኛ ሰው ኮርቲዞሉ ከ1.8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ይወርዳል። ክኒኑን ረስቶ ጠዋት ቢውጠው ምርመራው ገደል ገባ። የኤሲቲኤች (አድሬናልን የሚያዘው የፒቱታሪ ሆርሞን) ደም ደግሞ በረዶ ላይ ካልተያዘ ይበላሻል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የሚያናድድሽ ከሆነ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። የሚያስደስትሽ ከሆነ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው በጣም እንፈልጋለን።

ዓይንም ይፈልጋል። አክሮሜጋሊ (የእድገት ሆርሞን የሚበዛበት ሕመም) ያለበት ሰው ፊቱ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ሚስቱ አታስተውለውም፣ እሱም በየቀኑ መስታወት እያየ አያስተውለውም። የድሮ መታወቂያውን አስመጪ። የጋብቻ ቀለበቱ አሁን ይገባል ወይ? የጫማ ቁጥሩስ? አዲሰን (አድሬናል ተጎድቶ ሥራ የሚያቆምበት ሕመም) ያለበት ሰው ቆዳው ይጠቁራል፤ በእኛ መልክ ላይ ግን «ፀሐይ መታው» ተብሎ ይታለፋል። ድዱን፣ የመዳፉን መስመሮች፣ አሮጌ ጠባሳውን እዪ። ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. ሕመሙን ሲገልጸው ከታካሚዎቹ መካከል አድሬናላቸው በቲቢ የተበላ ነበሩ። ቲቢ ዛሬም እኛ ጋ አለና ይህን እንዳትረሺ።

የራሴን ልንገርሽ። ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት የምሠለጥን ሐኪም) ሳለሁ አንድ አባት በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ግፊታቸው 70 በ40 ነበር። ያስመልሳቸዋል፣ ሰውነታቸው ዝሏል። ኢንፌክሽን ነው ብለን በደም ሥር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ጀመርን። ግፊቱ አልነሳም አለ። ሊነጋ ሲል ልጃቸው መጣ። «ለአስማቸው በየቀኑ የሚወስዱት ክኒን ነበር፤ ካለቀባቸው ሳምንት ሆነ» አለ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ነው፣ ለስምንት ወር። ክኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አድሬናል ያንቀላፋል፣ በድንገት ሲቆም ቶሎ አይነቃም። 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን (ኮርቲዞልን የሚተካ መድኃኒት) በደም ሥር ሰጠናቸው። ረፋድ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ጠየቁ። ተረፉ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ «ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር?» ብዬ ቤተሰብ አለማስጠራቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ገንዘቡ። ጓደኞችሽ አልዋሹም። እንደ ልብ ወይም እንደ ጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት በፕሮሲጀር የሚገኝ ገቢ የለም። አሜሪካም ቢሆን የሆርሞን ሐኪም ደመወዝ ከካርዲዮሎጂስት በጣም ያንሳል። ግን ሥራ አይጠፋም። ስኳር እየበዛ ነው፣ የሆርሞን ሐኪም ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በግል ክሊኒክ ታካሚ አጥቶ የተቀመጠ አላየሁም። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ይህን ሒሳብ ቁጭ ብለሽ ሥሪው፣ አያሳፍርም።

መንገዱ አጭር አይደለም። መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ነው፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት። ከዚያ የኢንዶክራይኖሎጂ ፌሎውሺፕ (ከስፔሻሊስትነት በኋላ የሚወሰድ ሥልጠና)፣ ሁለት ዓመት ገደማ፤ አገር ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ ይሰጣል። ውጭ ካሰብሽ አሜሪካም ሦስት ሲደመር ሁለት ነው፤ በፊት ግን የዩኤስኤምኤልኢ (የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ) ፈተናዎች አሉ። ሕፃናት የምትወጂ ከሆነ በሕፃናት ሕክምና በኩልም ይገባል። ስፖንሰር የሚያደርግሽ ክልል ከሆነ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርምሽ ውሉን አንብቢ። እኔን የምትሰሚኝ ከሆነ አሁን ስለ ፌሎውሺፕ አትጨነቂ፤ የውስጥ ደዌን ምረጪ። ሬዚደንሲው ውስጥ ኩላሊት ወይም ልብ ቢማርክሽ እንኳ የጠፋ ነገር የለም።

እስከዚያው እጅሽ ባዶ አይደለም። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሁሉ በድንገት እንዳያቆም ንገሪ። ለቆዳ ማቅያ ተብሎ የሚቀባ ክሬምም ኃይለኛ ስቴሮይድ ካለበት ያው ነው፣ ጠይቂ። ቋንቋሽንም አስተካክይ። በአማርኛ «እጢ» ግላንዱም እባጩም ነው። «የእጢ ችግር አለብሽ» ስትያት ታካሚዋ ካንሰር ነው የምትሰማው። መጀመሪያ «ሁላችንም ያለን ሆርሞን የሚያመነጭ አካል ነው» በያት። እባጭ ቢሆን እንኳ ሁሉም ቢላ አይፈልግም፤ ፕሮላክቲኖማ (ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን የሚያመነጭ የፒቱታሪ እባጭ) ብዙውን ጊዜ በካበርጎሊን ክኒን ይቀንሳል።

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ፣ እሷ ነገ ሳትፈልግሽ አትቀርም። የታይሮይድ መድኃኒትና ስቴሮይድ አብረው ታዘውላት ከሆነ፣ ስቴሮይዱ አልቆ የታይሮይዱን ብቻ እንዳትውጥ። አደገኛ ነው፤ ያለችውን ጥቂት ኮርቲዞል ቶሎ ይጨርስባታል። የሃይድሮኮርቲዞን ክኒን እንደ ልብ ስለማይገኝ በፕሬድኒሶሎን ተተክቶላት ሊሆን ይችላል፣ መጠኑን እዪ። ጾም ሲገባ ምን እንደምታደርግ ጠይቂያት። ጸበል ስትሄድም ክኒኑን ይዛ ትሂድ፤ ካህኑን አስፈቅዳ በጥቂት ውሃ ትዋጥ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባሏን ጥሪው። ትኩሳት ሲይዛት ክኒኑ እጥፍ እንደሚሆን፣ ካስመለሳት ደግሞ ሳይውል ሳያድር መርፌ ወዳለበት ጤና ጣቢያ እንዲያመጣት ንገሪው። ይህንኑ በወረቀት ላይ በአማርኛ፣ በትልልቁ ጻፊላት፣ ማኅተም አድርጊበት፣ ሁልጊዜ ይዛው ትዙር።