የሞተሩን ታርጋ አትመን፤ ቁጥሩን ጊዛው ላይ ፈልግ

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ስላገኘኸው ያገለገለ የእንጨት መላጊያ ማሽን የጠየቅከውን አነበብኩ። «ሻጩ የ1990 ምርት ነው ይለኛል፤ በሲሪያል ቁጥሩ እውነተኛውን ዓመት ማወቅ ይቻላል ወይ?» ነው ያልከው። አብሽር፣ ይቻላል። እኔ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ እንጨት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ብዙ ብርና የሦስት ወር ምልልስ ይቀርልኝ ነበር። ስለዚህ ቀብድ ሳትሰጥ ይህችን እስከ መጨረሻው አንብባት።

1ኛ፦ መጀመሪያ ሰውዬውን «1990 በማን አቆጣጠር?» በለው። በእኛ ከሆነ በፈረንጅ 1997 ወይም 98 መሆኑ ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ በእኛ 1982 ወይም 83 ነው። ከውጭ በመጣ ማሽን ታርጋ ላይ የምታየው ዓመት የፈረንጅ ነው፤ ሻጭ ግን በሚያዋጣው በኩል ይጠራዋል። ሰባት ስምንት ዓመት በአንድ ቃል ይጠፋል።

2ኛ፦ የሞተሩ ታርጋ የማሽኑ ታርጋ አይደለም። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላውራህ።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ወርክሾፑን ቆልፌ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ስመለስ መላጊያ ማሽኔ የለም። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽኔ ጊዛ (ፈስሶ የተሠራው ከባድ የብረት አካሉ) ከብዷቸው ቀርቷል፣ ሞተሩን ግን ፈትተው ወስደውታል። ሌላ ሞተር ፈልጌ በገዛ እጄ ገጠምኩለት። ይህን ሁሉ በእጄ ሠርቼ ሳለ በዓመቱ ባቲ ላይ ሌላ መላጊያ ልገዛ ስሄድ «ይህስ ሞተር የራሱ ነው ወይ?» ብዬ አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማሽኑ አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ያልነካው የሞተሩ ታርጋ ብቻ ነው፤ 400 ቮልት፣ 1996 ይላል፤ ቁጥሩም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሻጩ አዛውንት ናቸው፣ እኔም አክብሬ ብዙ አልተከራከርኩም። 190 ሺህ ብር ከፈልኩ። ውሉ ላይ ዓመቱን በእኛ መልሰው 1988 ብለው ጻፉ፤ ሲሪያል ቁጥር ተብሎ የሰፈረውም የሞተሩ ቁጥር ነው። ፈርሜ ጭኜ መጣሁ።

አምስት ወር ያለምንም ችግር ሠራ። ከዚያ እንጨቱን የሚስበው ሮለር ማርሽ ጥርሱ ተበላ። መርካቶ ደውዬ «የ1996 ሞዴል» ብዬ አዘዝኩ፣ 27 ሺህ ብር ላክሁ። ሲመጣ ቀዳዳው ለዘንጉ ጠባብ ነው፣ የጥርሱም ቁጥር አይገጥምም። «ዓመቱን የነገርከን አንተ ነህ» አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ አልመለሱልኝም።

ያን ቀን ማታ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ቲነርና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዤ ማሽኑ ሥር ተቀመጥኩ። መብራቱን አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከጎን አስጠግቼ አበራሁ። (ከፊት ለፊት ስታበራ ምንም አይታይም፤ ከጎን ሲሆን ግን ትንሹ ስርጉድ ሁሉ ጥላ ይጥላል።) ከማሽኑ ጠረጴዛ ማውጫ እጀታ በታች ቀለሙ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ ነገር አለ። ቲነር እየነካሁ ቀስ ብዬ አሸሁት። አረንጓዴው ለቀቀ፣ ከሥሩ ግራጫ መጣ፣ ከግራጫው ሥር የናስ ታርጋ ብቅ አለ። መጀመሪያ የተነበበልኝ ቃል «ቼኮዝሎቫኪያ» ነው። ወንድሜ፣ ያቺ አገር እኮ በፈረንጅ ከ1993 መጀመሪያ ጀምሮ ቼክና ስሎቫክ ተብላ ለሁለት ተከፍላለች። በ1996 የተሠራ ማሽን ስሟን ሊይዝ አይችልም። የዓመቱ ቦታ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ጠፍቷል። ቁጥሩ ግን አለ፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይም ያው ቁጥር በብረት ማኅተም ተመትቶ አገኘሁት። ስስ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ ጎን ስፈገፍገው አንድም አሃዝ ሳይጎድል ወጣ።

ስለዚህ ስትፈልግ ይህን ለይ። ከጊዛው ጋር አብሮ ፈስሶ ወደ ውጭ የጎበጠ ቁጥር የሻጋታው ወይም የክፍሉ ቁጥር ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ዓመት ነው ብለህ እንዳትሸወድ። የማሽኑ ሲሪያል ቁጥር ግን ተመትቶ ወደ ውስጥ የሰመጠ ነው፤ ወይ ታርጋው ላይ፣ ወይ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ወይ ሁለቱም ጋ ይገኛል። በምንም ምክንያት ግራይንደርና ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው። አንድ አሃዝ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ ማለት ነው።

የታርጋው ቋንቋም አያስፈራህ። በጣሊያንኛ «ማትሪኮላ» ያለው ሲሪያል ቁጥሩ ነው፣ «አኖ» ዓመቱ። በጀርመንኛ «ባውያር» ካለ የተሠራበት ዓመት ነው። በቼክ ደግሞ «ሮክ ቪሮቢ» ነው ዓመቱ፤ የኔ የተፋቀው እሱ ነው።

ቁጥሩን ካገኘህ በኋላ በግምት ወደ ዓመት አትመንዝረው። አንዳንድ ፋብሪካ ከአንድ ጀምሮ በተራ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ዓመቱን ከቁጥሩ መጀመሪያ ያስገባል፤ የአንዱ ስሌት ለሌላው አይሆንም። «በ68 ይጀምራል፣ ስለዚህ የ1968 ነው» የሚልህን ደላላ አትስማ። የሚያውቀው ፋብሪካው ነው፣ ወይም ፋብሪካውን የወረሰው ድርጅት። እኔ የታርጋውን፣ የጠረጴዛውን ጠርዝና የሙሉውን ማሽን ፎቶ አያይዤ በኢሜይል ጻፍኩ። በ11ኛው ቀን መለሱልኝ፦ 1971። ከዚህ ከደሴ ሆኜ የሃምሳ ዓመት መዝገብ ማስገለጤ አኩርቶኛል፣ ልጆቼን ጠርቼ ነው ያሳየኋቸው።

ፋብሪካው ከሌለ ወይም ካልመለሰ ዙሪያውን አይተህ ዓመቱን ታጠብበዋለህ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከ1949 እስከ 1990 ነው። የሶቪየት ስም ያለበት ከ1991 አያልፍም። 230/400 ቮልት የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው በ1983 ስለሆነ፣ 400 የሚል የአውሮፓ ታርጋ ካየህ ከዚያ ወዲህ ነው ብለህ አስብ። 380 ካለ ግን አሮጌ ነው ብለህ አትቁረጥ፣ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላም ለዓመታት 380 ይጽፉ ነበር። የአውሮፓን የደህንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳየው የሲኢ (CE) ምልክት ማሽን ላይ ግዴታ የሆነው ከ1995 ጀምሮ ነው። እኛ አገር ደግሞ የጣሊያን ማሽን ሁሉ «የጣሊያን ጊዜ ነው» ይባላል። ኤስሲኤም የሚል ጽሑፍ ያለበትን እንዲህ ካሉህ ዝም ብለህ ውጣ፤ ጣሊያን ሪሚኒ ከተማ ያለው የኤስሲኤም ፋብሪካ የመጀመሪያውን የእንጨት ማሽን ያወጣው በ1952 ነው፣ ጣሊያን ከአገራችን የወጣው ግን በ1941።

3ኛ፦ ውሉ። አሮጌ ማሽን መሆኑ አይደለም የጎዳኝ፣ የ1971ዱ ጊዛ ዛሬም የሚንቀጠቀጥ አይደለም። የጎዳኝ ወረቀቱ ነው። ማርሹን ለማስቆረጥና እንጨት ለመግዛት ብድር ፈለግሁ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን ዋስትና ሆኖ ሊያዝ ይችላል፣ ይህን አውቄ ነው የሄድኩት። የአበዳሪውን ቤት ስም አልጠራም። ቅጹ «የተመረተበት ዓመት» ይላል፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይልም። እኔ የፋብሪካውን ደብዳቤ ይዤ 1971 ጻፍኩ። ውሉ 1988 ይላል። ሊያዩ የመጡት ባለሙያ ደግሞ የሞተሩን ታርጋ አንብበው 1996 መዝግበዋል።

ወረቀት የሚቀበለው ልጅ ሦስቱን ደርድሮ ጮክ ብሎ «ማሽንህ ስንት ጊዜ ነው የተወለደው?» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በአባቱ ዕድሜ ያለሁ ሰው ነኝ፣ «አንተ» ነው የሚለኝ። እዚህ ወሎ ውስጥ የማያውቁትን ትልቅ ሰው «አንቱ» ብለው ነው የሚያነጋግሩት፤ ይህን የማያውቅ ልጅ ደሴ አድጎ አይመስለኝም። የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት ነው ብዬ ላስረዳው ብል «ሂድና አስተካክለህ ና» ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። ሁለት ሰዓት ቁሜ ነው እንዲያ የተባልኩት። አለቃው ጋ ገባሁ፤ እሳቸው ቢያንስ ቁጭ አድርገው ነገሩኝ፦ «የውሉ ሲሪያል ቁጥር የሞተር ነው። በወረቀት የገዙት ሞተር እንጂ ማሽን አይደለም።» እውነታቸውን ነው።

ሰኞ የገበያ ቀን ጠብቄ ባቲ ወረድኩ። ሻጩን ቡና ላይ አገኘኋቸው። «አባባ፣ ልከስዎ አይደለም የመጣሁት፣ ወረቀቱን ያቃኑልኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔም ስገዛው ሞተሩ እንዲሁ ነበር፣ ከሥሩ ታርጋ መኖሩን ዛሬ ካንተ ሰማሁ» አሉኝ። አመንኳቸው። ሁለት ሽማግሌ ባሉበት ውሉን ከነትክክለኛው ቁጥር ደግመን ጻፍን፣ ስለ ዋጋው ልዩነት 20 ሺህ ብር መለሱልኝ። ብድሩ ከሦስት ወር በኋላ ወጣ። ማርሹን ኮምቦልቻ አንድ የቶርኖ ባለሙያ አሮጌውን አይቶ በ9 ሺህ ብር ሠራልኝ፤ እስከ ዛሬ እሱ ነው ያለው።

አንተ ስትዋዋል የማሽኑን ቁጥር ከጊዛው፣ የሞተሩን ቁጥር ከሞተሩ፣ ለየብቻ አስጽፍ። ዓመቱን ስታስጽፍ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አትርሳ። ሻጩ ቀለሙን በቲነር ላስለቅቅ ስትለው እንቢ ካለ ማሽኑን ተወው።

ቅዳሜ ከሰዓት ለሥራ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ቦታውን ብትነግረኝ ቲነሩንና እርሳሱን ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ቀብድ እንዳትሰጥ።