መልስ፦ በቀስት አጋዘን ሳድን ሽጉጥ መያዝ እችላለሁ?
ወንድሜ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ በቀስት አጋዘን ሳድን ወገቤ ላይ ሽጉጥ ልታጠቅ ወይ ላልከው፣ ይቻላል፤ ግን የአደን ፈቃዱ ብቻውን አይበቃህም። ከካውንቲህ ሸሪፍ (ፊላደልፊያ ከሆንክ ከፖሊስ) የሚሰጠው የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ያስፈልግሃል። 20 ዶላር ነው፣ 5 ዓመት ያገለግላል። ሽጉጡ ግን ራስህን ለመጠበቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በቀስት ብቻ በሚታደንበት ወቅት ያቆሰልከውን አጋዘን ቁጥቋጦ ስር ተኝቶ ሲያጣጥር ብታገኘው፣ አንጀትህ ቢላወስም እንኳ በሽጉጥ እንዳትጨርሰው፤ ሌላ ፍላጻ ነው የምትጨምርለት። ድንበር ተሻግረህ ኒው ጀርሲ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ የፔንስልቬንያው ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ሽጉጡን ቤት ተወው፣ እነሱ ጋ በዚህ ቀልድ የለም።