«ሕይወት ለዛር»፦ ስለ ግሊንካ ኦፔራ ጥያቄና መልስ

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሚኻይል ግሊንካ በ32 ዓመቱ ለመድረክ ስላበቃው ኦፔራ የቀረቡ ናቸው። «ዛር» የሩሲያ ንጉሥ መጠሪያ ነው፤ ኦፔራውም ገበሬው ኢቫን ሱሳኒን ዛር ሚኻይል ሮማኖቭን ለማዳን ፖላንዶችን ጫካ ውስጥ አሳስቶ መሞቱን ይተርካል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንዱ ጋ «ሕይወት ለዛር»፣ ሌላው ጋ «ኢቫን ሱሳኒን» ይላል። ሁለት ሥራ ነው?

አንድ ነው። ግሊንካ ሲጀምረው «ኢቫን ሱሳኒን» ብሎት ነበር። ለንጉሠ ነገሥት ኒኮላይ ቀዳማዊ ሲበረከት «ሕይወት ለዛር» ተባለ፤ ዲሴምበር 9 ቀን 1836 በሴንት ፒተርስበርግ ቦልሾይ ካሜኒ ቴአትር መጀመሪያ የታየውም በዚሁ ስም ነው። በዚያን ጊዜው የሩሲያ አቆጣጠር ቀኑ ኖቬምበር 27 ስለነበር ሁለት ቀን ተጽፎ ብታዩ አትደናገሩ።

ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ዛርን በመድረክ ማወደስ የማይታሰብ ሆነ። በ1939 ገጣሚው ሰርጌይ ጎሮዴትስኪ ግጥሙን እንደ አዲስ ጻፈው፤ ዛሩ ወጥቶ የሕዝቡ ጦር መሪ ሚኒን ገባ፤ ኦፔራውም «ኢቫን ሱሳኒን» ተብሎ በሞስኮ ቦልሾይ ቴአትር ታየ። የቀድሞው ግጥም ወደዚያው መድረክ የተመለሰው በ1989 ነው።

የያዛችሁት ቅጂ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጨረሻውን ስሙ። ሕዝቡ «ስላቭስያ፣ ስላቭስያ፣ ናሽ ሩስኪ ጻር» (ክበር፣ ክበር፣ የእኛ የሩሲያ ዛር) ካለ የቀድሞው ነው። «ስላቭስያ፣ ቲ ሩስ ማያ» (ክበሪ፣ አንቺ ሩሲያዬ) ካለ የሶቪየቱ ነው። ዜማው ግን አልተነካም።

ሱሳኒን በእውነት የነበረ ሰው ነው?

በኮስትሮማ አካባቢ በዶምኒኖ መንደር የነበረ ገበሬ ነው። ሰነድም አለ፦ በ1619 ዛር ሚኻይል ለሱሳኒን አማች ለቦግዳን ሶቢኒን መሬት ሰጥቶ ከግብር ነጻ ያወጣበት ደብዳቤ። ደብዳቤው ሱሳኒን ዛሩ ያለበትን አልናገርም ብሎ በፖላንድና በሊቱዌኒያ ሰዎች ተሠቃይቶ መሞቱን ይናገራል። ጠላትን እየመራ ጫካ ውስጥ ማሳቱ ግን በኋላ የዳበረ ትረካ ነው። የታሪክ ምሁሩ ኮስቶማሮቭ በ1862 ትረካውን አጥብቆ ተችቶታል። በኦፔራው የምታዩት በረዶና ጫካ ከዚህ ትረካ የመጣ ነው።

ከዚህ ኦፔራ በፊት የሩሲያ ኦፔራ አልነበረም እንዴ?

ነበረ እንጂ። ስለ ሱሳኒን እንኳ ካተሪኖ ካቮስ የተባለ ጣልያናዊ በ1815 አንድ ኦፔራ ደርሶ ነበር። የሚገርመው የግሊንካን ኦፔራ በመጀመሪያው ምሽት የመራው ራሱ ካቮስ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የቀደሙት በአብዛኛው ዘፈን ጣልቃ የሚገባባቸው ተውኔቶች ነበሩ፤ ተዋናዩ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ መልሶ ያወራል። ግሊንካ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሙዚቃ አስኬደው፤ ንግግሩም ራሱ ይዜማል። ሁለተኛው ልዩነት የበለጠ ይከብዳል። በመድረክ ላይ ገበሬ ማለት ሕዝብ የሚያስቅ ሰው ነበር። እዚህ ግን ከባዱን ሐዘንና ሞት የሚሸከመው ገበሬው ነው።

«ብሔራዊ» ያሰኘው የሕዝብ ዘፈን መውሰዱ ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ በቀጥታ የተወሰደው ግን ጥቂት ነው። የሱሳኒን የመጀመሪያ ዜማ በሉጋ ከተማ አካባቢ ከአንድ ጋሪ ነጂ የሰማው ነው። ሱሳኒን ሊሞት ሲል ደግሞ ከሥር በኦርኬስትራው ውስጥ የቮልጋ ወንዝ ዘፈን ቁራጭ እየተመላለሰ ይሄዳል። የቀረውን ራሱ ፈጠረው፤ ሲፈጥረው ግን የሕዝቡን ዘፈን ሥርዓት ተከትሎ ነው።

አንድ ቦታ ቀረብ ብላችሁ ስሙ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሴቶች ለሙሽራዋ፣ ለሱሳኒን ልጅ፣ የሚዘፍኑትን። በሩሲያ የሠርግ ዘፈን ስንኙ በአምስት ቀለም ይከፈላል፦ ራዝ-ጉ-ልያ-ላ-ስያ፣ ራዝ-ሊ-ቫ-ላ-ስያ። የአውሮፓ ሙዚቃ ግን በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ምት መሄድ ለምዷል። ግሊንካ ስንኙን ቆርጦ በአራት አላስገባውም፤ ምቱን አምስት አደረገው። በጣታችሁ ብትቆጥሩ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ምት ይዞ ታገኙታላችሁ። አምስቱን ለምዶ ያልቆጠረ መሪ መጨረሻዋን ቀለም ይጎትታትና ስድስት ያደርጋታል፤ ያን ጊዜ ዘፈኑ ያነክሳል። አንደኛው ክፍል ላይም ቀዛፊዎቹ ሲመጡ የክር መሣሪያዎቹ በደጋን መመታት ትተው በጣት ይነጠቃሉ፤ ባላላይካ የተባለውን የሩሲያ የክር መሣሪያ ለመምሰል ነው። ክራር ለሰማ ጆሮ ይህ ወዲያው ይገባዋል።

ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ «የጋሪ ነጂዎች ሙዚቃ» ብለው ናቁት። ግሊንካም ጋሪ ነጂዎቹ ከጌቶቻቸው ይሻላሉና እውነት ነው ሲል በማስታወሻው ጽፏል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ፖላንዶቹ የሚጨፍሩት ለምንድን ነው? ታሪኩን አያቆመውም?

አያቆመውም፤ የኦፔራው ዋና ዘዴ ያለው እዚያ ነው። ግሊንካ ሁለቱን ወገኖች በምት ለያቸው። ሩሲያውያኑ ረጅምና ሰፊ ዜማ አላቸው። ፖላንዶቹ የሚታወቁት በጭፈራቸው ነው፦ ፖሎኔዝ፣ ክራኮቪያክ፣ ቫልስና ማዙርካ፤ አብዛኛው አንድ-ሁለት-ሦስት የሚቆጠር። በማዙርካው መካከል ሚኻይል ሮማኖቭ ዛር ሆኖ መመረጡ ይሰማል። ጭፈራው ይቆማል፤ የተወሰኑ ሰዎች ሊይዙት ይነሣሉ፤ ከዚያ ማዙርካው ይቀጥላል።

አሁን ሦስተኛውን ክፍል ስሙ። ወታደሮቹ ሱሳኒን ቤት የሚገቡት ያንኑ የጭፈራ ምት ይዘው ነው። እርሱ የሚመልስላቸው በዝግታና በሰፊው ሲሆን ዜማው በመጨረሻ የሚመጣውን «ስላቭስያ» አስቀድሞ ያሰማል። በአራተኛው ክፍል፣ በጫካው በረዶ ውስጥ፣ የማዙርካው ምት እንደገና ይመጣል፤ አሁን ግን ደክሞና ተሰባብሮ ነው። ሁለተኛው ክፍል ተቆርጦ ሲቀርብ፣ ወይም ማዙርካው ለባሌት ማሳያ ብቻ ተብሎ ከልክ በላይ ሲፈጥን፣ አድማጩ ጫካው ውስጥ የሰማውን አያውቀውም። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ለፖላንድ ሰው ይህ አሳሳል እንደሚያም ማወቅ ያስፈልጋል። ኦፔራው የታየው ኒኮላይ የ1830–31ን የፖላንድ አመፅ በኃይል ከደመሰሰ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። መንግሥቱም በዚያ ዘመን «ኦርቶዶክስ ሃይማኖት፣ የዛር ፍጹም ሥልጣን፣ ሕዝባዊነት» የሚል መርሕ ያራምድ ነበር። ሥራው ለዚያ መርሕ ተስማሚ ሆኖ ስለተገኘ ቤተ መንግሥቱ አቀፈው።

የሩሲያ ብሔራዊ መዝሙር ከዚህ ኦፔራ የተወሰደ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም፤ በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር ነው። ከ1990 እስከ 2000 ያገለገለው መዝሙር የግሊንካ ነው፤ ግን «የአርበኞች ዜማ» የተባለ ሌላ ሥራ ነው፤ ይፋዊ ግጥምም አልነበረውም። «ስላቭስያ» ግን ጁን 24 ቀን 1945 በሞስኮ የድል ሰልፍ ላይ ተመትቷል።

ገጣሚው ፑሽኪን አይቶታል?

አዎ፣ በመጀመሪያው ምሽት ነበረ። ቅድመ አያቱ ጋኒባል ከሐበሻ ምድር ነው ስለሚባል ስሙ ለእኛ ቅርብ ነው (ትውልዱ ዛሬም ያከራክራል)። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወዳጆቹ ለግሊንካ ክብር በጋራ ግጥም ሲያወጡ ፑሽኪንም አንድ ስንኝ ጨመረ። «ግሊንካ» በሩሲያኛ ሸክላ አፈርን ያስታውሳልና፣ ቅናት ጥርሱን ቢያፋጭም ግሊንካን ጭቃ ውስጥ ሊረግጠው አይችልም አለ።

የሱሳኒን የማደጎ ልጅ ቫንያ ወንድ ልጅ ሆኖ ለምን ሴት ትዘፍነዋለች?

ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ስለሆነ ለኮንትራልቶ፣ ማለትም ለዝቅተኛው የሴት ድምፅ ተጻፈ። መጀመሪያ የዘፈነችው አና ቮሮቢዮቫ ነበረች፤ ሱሳኒንን የተጫወተው ኦሲፕ ፔትሮቭ በኋላ ባሏ ሆነ። በ1837 ለእርሷ አንድ ትዕይንት ተጨመረ፦ ፈረሱ ሜዳ ላይ ወድቆ ሞቶበት ዛሩን ሊያስጠነቅቅ በእግሩ የሮጠው ልጅ የገዳሙን በር ይደበድባል። ዝቅተኛው ድምፅ የሳሳ ዘፋኝ ሲሰጠው ኦርኬስትራው ይውጠዋል። የቴኖሩ (የከፍተኛው የወንድ ድምፅ) የሶቢኒን የጫካ አሪያ፣ ማለትም ብቻውን የሚዘፍነው፣ ደግሞ እጅግ ከፍ ስለሚል ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፤ በቅጂያችሁ ከሌለ አትገረሙ።

በኋላ በመጡት ላይ ምን አሳደረ?

ሕዝቡን እንደ አንድ ባለታሪክ መድረክ ላይ ማቆምን። የሙሶርግስኪ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» (1874) እና የቦሮዲን «ልዑል ኢጎር» (1890) በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው። ቻይኮቭስኪ የሩሲያ ሲምፎኒ ሁሉ «ዋርካ በፍሬው ውስጥ እንዳለ» ያለው ግን ስለዚህ ኦፔራ ሳይሆን ስለ ግሊንካ የኦርኬስትራ ሥራ ስለ «ካማሪንስካያ» ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ጽሑፎች አሉ።

ኅብረ ዘማሪያችን «ስላቭስያ»ን ሊያቀርብ ይፈልጋል። ምን እንጠንቀቅ?

ዜማው ቀላል ስለሚመስል ሁሉም ከመጀመሪያው ስንኝ ይጮኻል። ያኔ መጨረሻ ላይ የሚጨመር ኃይል አይተርፍም። በድምፅ ቆጥባችሁ ጀምሩ። በኦፔራው ዘማሪው በሦስት ቡድን ይከፈላል፤ መድረክ ላይ የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ይጨመራል፤ ደወሎችም ይደወላሉ። የሰው ቁጥር ካነሰባችሁ በሦስት አትከፋፍሉ፤ አንድ ጠንካራ ቡድን ይበልጣል። ግሊንካ ይህን ሰልፍም መዝሙርም አድርጎ ነው የጻፈው፤ ስለዚህ የሰው እርምጃ ሊከተለው የሚችል ፍጥነት ያዙ። ደወል ካላችሁ በስንኞች መካከል እንጂ በቃሉ ላይ አትደውሉ።