ስም ሳይጻፍባቸው የደረሱኝ ጥያቄዎች

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወጣቶችን በማማክርበት ክፍል በር ላይ ካለው ሣጥን ካወጣኋቸው ወረቀቶች፣ ስለ ፆታዊ ዝንባሌ፣ ማለትም የሰው ልብ ወደ የትኛው ፆታ እንደሚሳብ፣ የሚጠይቁትን እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 15 ነው። አብራኝ የምትማር ልጅ አጠገቤ ስትቀመጥ ልቤ ይመታል፤ እኔም ሴት ነኝ። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከዚህ ብቻ ተነሥቼ ምን እንደሆንሽ ልነግርሽ አልችልም፤ ሌላም ሰው ሊወስንልሽ አይገባም። በጉርምስና አድናቆት፣ ቅናት፣ የጓደኛ ናፍቆትና ፍቅር ተደባልቀው ስለሚመጡ ለይቶ ማወቁ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱ ስሜቱ ከዓመታት በኋላ ይለወጥበታል፤ ሌላው በልጅነቱ ያወቀውን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ለስሜትሽ ስም እንድታወጪለት የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ወንዶችን እንደሚወድ ነገረኝ። ይህ በሽታ መድኃኒት አለው?

መልስ፦ እናታችን፣ በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1966 ዓ.ም. እንዲሁ ወስኖ ነበር። ስለዚህ «ዝንባሌውን እለውጥልዎታለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎን አይመኑት፤ እንዲህ ያለው ሙከራ ወጣቶችን ለድባቴና ራስን ለመጉዳት ሐሳብ ያጋልጣል። በጸሎትዎ አልገባም። ሆኖም ልጅዎ ከሰው ሁሉ መርጦ የነገረው ለእርስዎ መሆኑን ያስቡ፤ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው ሐኪም የሚያስፈልገው ለጭንቀቱ ነው። ሳያስፈቅዱት ለማንም አይንገሩበት፤ በእኛ ሕንፃዎች ከአንደኛ ፎቅ የተነገረ ወሬ ውኃ ከመድረሱ በፊት አራተኛ ፎቅ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ወንድ ሆኜ ወንዶችን እንድወድ ያደረገኝ በልጅነቴ የደረሰብኝ መደፈር ነው?

መልስ፦ ጥቃት ዝንባሌን እንደሚፈጥር የተረጋገጠ ነገር የለም። የደረሰብህ ወንጀል ነው፤ ጥፋቱ የፈጻሚው ብቻ ነው፤ ቁስሉም ለብቻው ሊታከም ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ወንድ ሆኜ ወንድን ስላሰብኩ ብቻ ልታሰር እችላለሁ? ለማንስ ልንገር?

መልስ፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚከለክለው በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ወሲባዊ ድርጊት ነው፤ ስሜትን አይቀጣም። ነገር ግን ከሕግ ቀድሞ የሰፈር ዱላ ሊደርስ ስለሚችል፣ በስልክ ብቻ ለምታውቀው ሰው ፎቶም ሆነ ምሥጢር አትላክ፤ በዚያ እያስፈራሩ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉና። ለአዋቂ ለመናገር ከፈለግህ በመጀመሪያ «አንድ ጓደኛዬ ይህ ያስጨንቀዋል» በለው፤ ፊቱ ከተለወጠ አመስግነህ ተነሥና ሌላ ሰው ፈልግ።