ሰማያዊ የታየው ሁሉ ውሃ አይደለም

«ጋሼ፣ ሠራተኛ ሰፈር ያለው የአያቴ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ አስለስነነዋል። አሁን የሳሎኑ ግድግዳ ከታች እየረጠበ ቀለሙ ይላጣል። አንድ ባለሙያ በቴርማል ካሜራ አንስቶ ‹ሰማያዊው ሁሉ ውሃ ነው፤ ልስኑ ተነስቶ እንደገና በሲሚንቶ ይለሰን› አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ሲሚንቶውን ገና አትግዢ።

ካሜራው ውሃ አያይም። የሚያየው የግድግዳውን የላይ ሙቀት ነው። እርጥብ ቦታ ውሃው ሲተን ስለሚቀዘቅዝ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ እውነት ነው። ግን ነፋስ የሚገባበት ማዕዘንም፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ግድግዳም ሰማያዊ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ፎቶ አምኜ ደህና ልስን አስነስቼ ደረቅ ድንጋይ አግኝቻለሁ። የቤቱ ባለቤት እስካሁን ያነሱብኛል።

ግድግዳ ላይ የሚሰካው ባለሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያም የተስተካከለው ለእንጨት ነው። አሮጌ ግድግዳ ላይ ጨው ካለ ቁጥሩን ያጋንነዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ትተሽ አካሄዱን እዪ። ከወለሉ ጀምረሽ በየ20 ሳንቲሜትሩ ወደ ላይ ለኪና በጠመኔ ጻፊበት። ከታች በዝቶ እየቀነሰ ከሄደ ውሃው ከመሬት ሳይሆን አይቀርም። ከላይ ከባሰ ቆርቆሮውንና አሸንዳውን አስፈትሺ።

ክርክሩን የሚዘጋው የካርባይድ ሙከራ ነው። ግድግዳው ቀስ ተብሎ ይበሳል፤ መሰርሰሪያው ከፈጠነ ዱቄቱን አሙቆ ያደርቀዋል። ዱቄቱ ተመዝኖ ከካልሲየም ካርባይድ ጋር የብረት ጠርሙስ ውስጥ ይዘጋል። እርጥበቱ ጋዝ ይፈጥራል፤ የጋዙን ግፊት የጠርሙሱ መለኪያ (ጌጁ) ያሳያል፤ ግፊቱ በበዛ ቁጥር እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው። ከላዩም ከጥልቀቱም አስለኪ። ላዩ እርጥብ፣ ውስጡ ደረቅ ከሆነ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃ ይሆናል። ውስጡ ከባሰ ግን ውሃው የግድግዳው ነው። ጋዙ ያው የበያጆቹ አሲቲሊን ስለሆነ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ።

ሳላየው ልገምት? የምጠረጥረው ሲሚንቶውን ነው። ከድንጋዩና ከጭቃው የሚወጣውን እርጥበት ያፍነዋል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በኖራ የተገነባ ሆኖ ሳለ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግኖ ነበር። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመልሰዋል።

አንቺም መጀመሪያ የግቢው አፈር ከሳሎኑ ወለል በልጦ እንደሆነ እዪ። ከበለጠ ይነሳ፤ መሠረቱን ግን እንዳትነኪ። ጥፋቱ የሲሚንቶው ከሆነ ሲሚንቶው ይነሳ፣ ግድግዳው አንድ በጋ ይድረቅና በኖራ ይለሰን። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ መዶሻ ከመነሳቱ በፊት የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ አውጪ።